ኖሪና ቢ12፦ ሥጋ ለማይበላ ሰው የባሕር አልጌ ምን ያህል ያስተማምናል?

አንድ ቅጠል ኖሪ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከ2.5 እስከ 3 ግራም ይመዝናል። ቁመቱ 21፣ ወርዱ 19 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳውና ጥቁረቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ይህ ነገር ሱሺ የሚባለው የጃፓን የሩዝ ምግብ የሚጠቀለልበት የደረቀ የባሕር አልጌ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅ መሰል ፍጡር ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጣል ቢያደርጉት ሐምራዊነቱ ይጠፋና አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀዩን መልክ የሚሰጠው ፕሮቲን በሙቀት ሲፈርስ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው አረንጓዴ ቀለም ብቻውን ይቀራልና። ሽታው ዓሣ ዓሣ የሚላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ከእንስሳ ወገን ስላልሆነ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምሱ ሰዎች ያለ ሐሳብ ይበሉታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ለጤና ብለው የሚፈልጉት በርክተዋል፤ ምክንያቱም ቫይታሚን ቢ12 ነው።

ከቫይታሚኖች ሁሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የራቀን ሰው የሚያስቸግረው በተለይ ይህ ነው። የቀሩትን አብዛኞቹን ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከብርቱካን፣ ከምስርና ከእህል ማሟላት ይቻላል። ቢ12 ግን በምድር ላይ በሚበቅል አትክልትም ሆነ እህል ውስጥ ከቁጥር በሚገባ መጠን አይገኝም። ለአንድ ዐዋቂ በቀን የሚያስፈልገው በአሜሪካ መመዘኛ 2.4 ማይክሮግራም ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን 4 ማይክሮግራም ይላል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮነኛ ነውና መጠኑ በዓይን የሚታይ እንኳ አይደለም። ያም ሆኖ ይህ ኢምንት ነገር ለረጅም ጊዜ ሲጓደል ቀይ የደም ሕዋሳት ቁጥራቸው እየቀነሰ አካላቸው ያለ ልክ ይተልቃል፤ ምላስ ይቆስላል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሰውየው ሲራመድ ሚዛኑን ይስታል፣ የማስታወስ ኃይሉም ይደክማል። የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ደግሞ ቫይታሚኑ ዘግይቶ ቢሰጥም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ኖሪ ተስፋ የተጣለበት በዚህ ክፍተት ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ፉሚዮ ዋታናቤና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ዳሰሳ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 100 ግራም የደረቀ ኖሪ 77 ማይክሮግራም ያህል ቢ12 እንደሚይዝ ጽፈዋል። ይህ ቁጥር የሚያስደንቀው ከምን ጋር እንደሚስተካከል ሲታሰብ ነው፤ በቢ12 ከሁሉ የበለጸገ የሚባለው የበሬ ጉበት ራሱ ከዚሁ የማይርቅ መጠን ነው የሚይዘው። ዱለት የሚወድ ሰው በአንድ ሳህን የሚያገኘውን ያህል በአልጌም አለ እንደ ማለት ነው። እርግጥ 100 ግራም ኖሪ ከ30 ቅጠል በላይ ስለሚሆን በአንድ ማዕድ የሚጨርሰው የለም። ይሁን እንጂ ሦስት ወይም አራት ግራም ብቻ፣ ማለትም አንድ ቅጠል ወይም ቅጠል ተኩል፣ የአንድ ቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል የሚል ስሌት ከዚሁ ይወጣል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም በምግብ ውስጥ የተለካ ቢ12 ሁሉ ሰውነት እንደ ቢ12 የሚቀበለው አይደለም፤ ላለፉት 30 እና 40 ዓመታት ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የኖረውም ይኸው ልዩነት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቫይታሚኑ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢ12ን እንስሳም ዕፅዋትም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት ባክቴርያዎችና መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት ብቻ ናቸው። የሚያመሰኳ እንስሳ የበላው ሣር በጨጓራው ውስጥ በባክቴርያ ሲብላላ ባክቴርያዎቹ ቢ12 ያመርታሉ፣ እንስሳው ይወስደዋል፣ ከጉበቱ፣ ከሥጋውና ከወተቱም ወደ ሰው ይተላለፋል። ባክቴርያዎቹ ሥራቸውን ለመሥራት ኮባልት የተባለው ማዕድን ያስፈልጋቸዋል፤ የቫይታሚኑ እምብርት ኮባልት ነውና። በ1930ዎቹ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ አንዳንድ አካባቢዎች በጎች ለምለም ሣር እየበሉ ሲከሱና ሲሞቱ የቆዩበት ምክንያት ሲመረመር የተገኘው የአፈሩ የኮባልት እጥረት ነበር። በጉ ሣር አላነሰውም፤ በጨጓራው ያሉት ባክቴርያዎች ግን ጥሬ ዕቃ አጥተው ነበር።

ሰው በበኩሉ ቢ12ን በስም ከማወቁ በፊት በጉበት ይታከምበት ነበር። በ1926 ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ገዳይ የነበረ አንድ ዓይነት የደም ማነስ ያለባቸውን ሕሙማን በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ማዳናቸውን አስታወቁ፤ በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩበት። ከጉበት ውስጥ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ተለይቶ ቀይ ቅንጣት ሆኖ የወጣው በ1948 ሲሆን፣ የውስጥ አሠራሩን በኤክስሬይ ያነበበችው ዶሮቲ ሆጅኪን በ1964 ኖቤል ተሸልማለች። ሆጅኪን የገለጠችው ቅርጽ እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ከእርሱም አንዲት ቁራጭ ብቻ ብትለወጥ መልኩ ቢ12 የሚመስል፣ ሥራው ግን ቢ12 ያልሆነ ነገር ይገኛል። የአልጌው ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ቁራጭ ዙሪያ ነው።

አልጌም ቢሆን ቢ12 አይሠራም። በ2005 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት የአልጌ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ቢ12 የሚፈልጉ ናቸው፤ የሚያገኙትም አብረዋቸው ከሚኖሩ ባክቴርያዎች ነው፣ በምላሹም ለባክቴርያዎቹ ምግብ ይሰጣሉ። ስለዚህ በአንድ አልጌ ውስጥ ያለው የቢ12 መጠን እንደ ዝርያው ብቻ ሳይሆን እንደ ጎረቤቶቹም ይወሰናል። ኖሪ የሚዘጋጅበት ቀይ አልጌ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ኮምቡና ዋካሜ የሚባሉት ቡናማዎቹ ግን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ የሚይዙት እዚህ ግባ የማይባል ነው። «የባሕር አልጌ ቢ12 አለው» ተብሎ በጅምላ የሚነገረው ከዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ይህን ለማለት የሚያስደፍረው በተለይ ኖሪ ነው፣ ከእርሱም ጋር ጥቂት የቅርብ ዘመዶቹና አረንጓዴ የሆኑ አንድ ሁለት ዝርያዎች።

ቫይታሚኑ በምግብ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ለመለካት ለረጅም ዘመን ያገለገለው ዘዴ ራሱ ግራ መጋባት አስከትሏል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ያለ ቢ12 የማይራባ አንድ የታወቀ የባክቴርያ ዝርያ ተወስዶ በሚለካው ምግብ ጭማቂ ውስጥ ይደረጋል፤ ባክቴርያው ብዙ ከተራባ ምግቡ ብዙ ቢ12 አለው ይባላል፣ ጥቂት ከተራባም ጥቂት። ችግሩ ለባክቴርያው የተስማማው ሁሉ ለሰው አለመስማማቱ ነው። ቀደም ሲል ያነሣነውን መልከ ቢ12፣ በሳይንሱ ቋንቋ ሐሰተኛውን ቢ12፣ ባክቴርያው እንደ እውነተኛው ቆጥሮ ይራባበታል። የሰው አካል ግን የሚያጣራ በር ጠባቂ አለው፤ ከጨጓራ ግድግዳ የሚመነጭ አንድ ፕሮቲን እውነተኛውን ቢ12 ብቻ አጥብቆ ይዞ እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ያደርሰዋል፣ ሐሰተኛውን በአብዛኛው ያልፈዋል። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች በባክቴርያው ፈንታ ይህን የሰውነት ፕሮቲን ራሱን መለኪያ አድርገው ሲጠቀሙ ብዙ የቀድሞ ቁጥሮች ወረዱ።

ክፉኛ የወረደው በዱቄትና በእንክብል መልክ የሚሸጠው፣ ስፒሩሊና የሚባለው ጥቃቅን አረንጓዴ የውኃ ፍጡር ነው። ዋታናቤና ባልደረቦቹ በ1999 በገበያ ላይ ያሉ የስፒሩሊና እንክብሎችን በሁለቱም ዘዴ ሲለኩ፣ በባክቴርያው የተገኘው ቁጥር በሰውነት ፕሮቲን ከተገኘው ከስድስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ በልጦ ተገኘ። በውስጡ ያለው ነገር በአብዛኛው ሐሰተኛው ቢ12 ነበርና። የደረቀ ኖሪ ሲለካ ግን ሁለቱ ዘዴዎች ተቀራራቢ ውጤት ሰጥተዋል። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። የባሕር አልጌ የሚለቀምበት ጠረፍ ባይኖረንም ስፒሩሊና የሚበቅልባቸው ሶዳማ ሐይቆች አሉን፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና በሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ውኃቸው እንደዚያ ወፍሮ አረንጓዴ የሚሆነው በዚሁ ፍጡር ነው። በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ የካነም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አድርቀው ዲሔ እያሉ በወጥ ይበሉታል። ስፒሩሊና በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ነውና ሊናቅ አይገባውም። በዱቄቱ ዕቃ ላይ «የቢ12 ምንጭ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ገዢው እየተታለለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ጻፊው ራሱ የድሮውን ሠንጠረዥ ገልብጦ ተታልሎ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኖሪ እንመለስ። በመለኪያ ፈተናውን አለፈ፤ በሰው ላይስ? እዚህ ላይ መረጃው እርስ በርሱ ይጣላል፣ ጠቡም ትምህርት አለው።

በኔዘርላንድስ ማክሮባዮቲክ የሚባለውን፣ ከእህልና ከአትክልት በቀር እምብዛም የሌለበትን የአመጋገብ ሥርዓት የሚከተሉ ቤተሰቦች ልጆች ቢ12 ጎድሏቸው ተገኙ። ለአንዳንዶቹ ዓሣ፣ ለሌሎቹ ኖሪና ስፒሩሊና እየተሰጣቸው ለወራት ተከታተሏቸው። በ1991 የታተመው ውጤት የማይረሳ ነው፦ አልጌ የበሉት ልጆች በደማቸው ያለው የቢ12 ቁጥር ከፍ አለ፣ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ግን መተለቁን አላቆመም። ቁጥሩ ተሻለ፣ ልጁ አልተሻለም ማለት ነው። ዓሣ የበሉት ደማቸውም ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ «አልጌ ለቢ12 አይሆንም» የሚለው ቃል በየሥነ ምግብ መጽሐፉ ገባ። ከጃፓን ደግሞ በ1995 ተቃራኒ የሚመስል ነገር ተሰማ፤ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሳይቀምሱ ለዓመታት ቡናማ ሩዝ እየበሉ ያደጉ ጥቂት ልጆች ተመርምረው እጥረት አልታየባቸውም፣ በየቀኑም ከሁለት እስከ አራት ግራም ኖሪ ይበሉ ነበር። በዚያው ዓመት ከፊንላንድ የወጣ ጥናት በሁለቱ መካከል ቆመ። ያልበሰለ የአትክልት ምግብ ብቻ ከሚመገቡ ሰዎች መካከል ኖሪና ክሎሬላ የተባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ አልጌ የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት የተሻለ ቢ12 ነበራቸው፤ ሆኖም ተከታትለው ሲለኳቸው የአብዛኞቹ መጠን ከዓመት ዓመት እየወረደ ነበር። አልጌው ቁልቁለቱን አዘገየው እንጂ አላቆመውም።

በ1999 ደግሞ ማድረቁ ራሱ ተጠርጥሮ ነበር። ቢ12 በሴል ውስጥ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚያሳብቅ አንድ አሲድ አለ፤ ሜቲልማሎኒክ አሲድ ይባላል፤ ቢ12 ሲጎድል ይህ አሲድ ሳይቃጠል ይጠራቀምና በሽንት ይወጣል። የደረቀ ኖሪ የበሉ ሰዎች ሽንት ውስጥ አሲዱ ጨመረ፣ ጥሬውን የበሉት ላይ ግን አልጨመረም። ከዚህ ተነሥቶ በማድረቅ ጊዜ ከእውነተኛው ቢ12 የተወሰነው ወደ ሐሰተኛ ተለውጦ ይሆናል፣ ያም የእውነተኛውን ቦታ ይሻማል የሚል ግምት ቀረበ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2001 ቢ12 የጎደላቸውን አይጦች የደረቀ ኖሪ መግበው ሁኔታቸው መሻሻሉን ሲያሳዩ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። በ2024 የወጣ የታይዋን ሙከራ ደግሞ በሰው ላይ ወደዚሁ አደላ፦ አትክልት ተመጋቢዎች ለአራት ሳምንት በቀን 5 ወይም 8 ግራም የተጠበሰ ኖሪ ሲበሉ የቢ12 መለኪያዎቻቸው ተሻሻሉ፣ 8 ግራም የበሉት 5 ግራም ከበሉት ይህን ያህል አልበለጡም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሳያቸው ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። ኖሪን የደገፉት ውጤቶች በአብዛኛው ከጃፓንና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው፤ እዚያ ኖሪ ትኩስ፣ የታወቀ ምንጭ ያለው፣ በየቀኑ በማዕድ የሚገኝ ምግብ ነው። ኖሪ በጃፓን በአሪያኬ ባሕር በመረብ ላይ እየተዘራ በብዛት የሚመረተውም አንዲት እንግሊዛዊት ስላገዘችው ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዋ ካትሊን ድሩ ቤከር በ1949 አልጌው የሕይወቱን ግማሽ በባሕር ዛጎል ውስጥ ተደብቆ እንደሚያሳልፍ አወቀች፤ ጃፓንን ሳትረግጥ በ1957 ብትሞትም ገበሬዎቹ ኩማሞቶ ውስጥ ሐውልት አቁመውላታል። በአንጻሩ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያለ እሽግ መቼና ከየት እንደተለቀመ፣ ስንት ወር እንደቆየ የሚገልጽ ብዙ ጊዜ የለም፤ በቢ12 መጠኑ አንዱ እሽግ ከሌላው ይለያያል። ስለዚህ የኖሪ ድክመት ቢ12 የሌለው መሆኑ ሳይሆን ስንት እንዳለው የሚምልለት አለመኖሩ ነው።

ሰውነት ደግሞ የራሱ የመቀበያ ልክ አለው። በር ጠባቂው ፕሮቲን በአንድ ማዕድ ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮግራም ያህል ተሸክሞ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ከተበላው በራሱ ሰርጎ የሚገባው መቶኛ አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ኖሪን ምንጭ ላድርግ የሚል ሰው አምስቱን ግራም በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ጠዋትና ማታ ከፋፍሎ ቢበላ ይጠቀማል። የእንክብሎቹ መጠን እንግዳ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የብሪታንያው የቪጋን ማኅበር ከእንስሳ ተዋጽኦ ለራቁ ሰዎች በየቀኑ ቢያንስ 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ 2000 ማይክሮግራም እንዲወስዱ ይመክራል። ሁለቱ ቁጥሮች ሰማይና ምድር ይመስላሉ፤ ነገር ግን የ2000 አንድ መቶኛ 20 ነው፣ ለሰባት ቀን ሲካፈልም ሦስት ማይክሮግራም የማይሞላ ይደርሳል፣ ዞሮ ዞሮ የቀኑ ፍላጎት ማለት ነው።

ኖሪን በብዛት መብላት የሚያስከትለው ጉዳት አለ ወይ ለሚለው፣ ለኖሪ ብቻ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ሌሎቹን አልጌዎች አብሮ የሚጨምር ሰው ግን አዮዲንን ያስብ። ለዐዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ሲሆን የአሜሪካው የላይኛ ጣሪያ 1100 ነው። ጥቂት ግራም ኖሪ ከዚህ ጣሪያ በብዙ ይርቃል፤ አንድ ግራም ኮምቡ ግን ብቻውን ከ2000 በላይ ሊይዝ ይችላል። በኮርያ ለእኛ የአራስ ገንፎ እንደሆነው ሁሉ አራስ የምትጠጣው የቡናማ አልጌ ሾርባ አለ፤ በብዛት ሲጠጣ አዮዲኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ እየተላለፈ የእንቅርት እጢውን ሥራ ማወኩ ታይቷል። ሂጂኪ የተባለውን ጥቁር አልጌ ደግሞ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2004 በውስጡ ባለው መርዛማ አርሴኒክ ምክንያት ጨርሶ እንዳይበላ መክሯል። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ለአዮዲን ሲባል አልጌ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከባሕር የራቀው ደጋችን በእንቅርት የታወቀ ቢሆንም፣ በ2011 በወጣው ደንብ መሠረት አዮዲን የተጨመረበት ጨው መንገዱ እርሱ ነው። ስለ ቀሩት ቫይታሚኖችም ብዙ ማለት አያሻም። ኖሪ የቫይታሚን ኤ መነሻ፣ ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው ሌላው የቢ ቫይታሚን አለው፤ ግን በሦስት ግራም ውስጥ የሚገኘውን አንድ ጭልፋ ጎመን ያስከነዳዋል።

ይህ ሁሉ በዓመት ከ180 እስከ 250 ቀን ለሚጾመው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ጾሙን ከቪጋን አመጋገብ ጋር አንድ አድርጎ ይፈራል ወይም ያወድሳል፤ ሁለቱም የጉበትን ጎተራነት ይረሳሉ። በደንብ የሚመገብ ሰው ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ቢ12 በአካሉ ያከማቻል፣ አብዛኛውም በጉበት ነው፤ በቀን የሚያጣው የክምችቱን ከሺህ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በዚህ ብናሰላ፣ አንዲት ጠብታ ቢ12 ሳይገባ እንኳ የሚጎድለው የክምችቱ ከ5 እስከ 11 በመቶ ያህል ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት በሃምሳው ቀን ውስጥ ወተቱ፣ እንቁላሉና ሥጋው ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ በፍስክ በሚገባ የሚበላ ጤነኛ ዐዋቂ ለጾም ወራት ብሎ ኖሪ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መንከራተት አይጠበቅበትም።

ሒሳቡ የሚበላሸው ጎተራው መጀመሪያውኑ ያልሞላ እንደሆነ ነው። በገጠር ሥጋ በዓል ጠብቆ የሚበላ፣ ወተቱና እንቁላሉ ለገበያ የሚወጣ ቤት ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ፍስኩም በተግባር ጾም ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ የንስሐ አባቷ ሊያቃልሉላት ቢችሉም ብዙ ጊዜ ጾሟን አታቋርጥም፤ ሕፃኑ ቢ12 የሚያገኘው ከእርሷ ብቻ ስለሆነ ጉድለቷ በቀጥታ ወደ እርሱ ይተላለፋል፣ በሕፃን ላይ ሲታይም ቀድሞ ይቀመጥ የነበረ ልጅ መቀመጥ እስኪያቅተው ሊያደርስ ይችላል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱና ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የማያቋርጡ ሰዎች የሚበሉት ቢ12 እንኳ በደንብ አይገባላቸውም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችም የጨጓራ አሲዳቸው ስለሚቀንስ እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ኖሪ ውድ፣ ሩቅና መጠኑ የማይታወቅ ነገር ነው፤ እንክብሉ ርካሽ ነው፣ መጠኑም ተጽፎበታል። እንጀራችንስ ተቦክቶ የሚጋገር አይደለም ወይ፣ ባክቴርያ የለበትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። እርሾው ሊጡን ያቦካል፣ ብረቱንና ዚንኩን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይፈታል፤ ለቢ12 ግን የሚያስተማምን ምንጭ ተደርጎ አይቆጠርም።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በለንደንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር፣ ዓመቱን ሙሉ የእንስሳ ተዋጽኦ ማቆሙን የወሰነ ወጣት ሐበሻ ነገር የተለየ ነው። ለእርሱ የሚመለስ ፍስክ የለም፣ ጎተራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎድላል፤ ጉድለቱም ከሦስት፣ ከአራት ወይም ከዚያ በላይ ዓመት በኋላ ስለሚገለጥ ከአመጋገቡ ጋር አያገናኘውም። የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አካዳሚ በ2016 ባወጣው አቋም ኖሪን፣ ስፒሩሊናን፣ ክሎሬላንና የቦኩ ምግቦችን ለቢ12 ሊተማመኑባቸው የሚገቡ ምንጮች አይደሉም ብሏል። የታይዋኑ ሙከራ ከዚያ በኋላ የወጣ በመሆኑ ኖሪን ከስፒሩሊና ጋር በአንድ ከረጢት መክተቱ ዛሬ ትንሽ ይከብዳል፤ ያም ቢሆን ምክሩን የሚገለብጥ አይመስለኝም። የአራት ሳምንት መሻሻል የአሥር ዓመት ዋስትና አይደለምና። ኖሪን በየቀኑ የሚበላ ሰው ይብላ፣ ይጠቅመዋል፤ እንክብሉን ግን አይተው። እንክብል ሲገዛ አንድ የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ቫይታሚኑ ራሱ በባክቴርያ የሚመረት ስለሆነ ለጾመኛም ለቪጋንም አያሰጋም፣ በጄላቲን የተሸፈነው ካፕሱል ግን ጄላቲኑ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነውና ጠፍጣፋውን ኪኒን መምረጥ ይሻላል።

የጾም ምግብ ላይ የሚኖር ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው፤ በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ንጥረ ነገር በሚታከልበት የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ (ሰው ሠራሹ ፎሌት) መጨመር ግዴታ ስለሆነ ዳቦውም እንዲሁ ነው። ፎሌት ሲበዛ በቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍነው ይችላል። ደሙ ሲመረመር ደኅና ይመስላል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ከኔዘርላንድስ ልጆች እንደታየው ደግሞ አልጌ የሚበላ ሰው በደሙ ያለው የቢ12 ቁጥር ብቻውን ሊያዘናጋ ይችላል። ስለዚህ ጣቱ እየደነዘዘ ወደ ሐኪም የሚሄድ አትክልት ተመጋቢ ምን እንደሚበላና የትኛውን አልጌ ስንት ጊዜ እንደወሰደ በግልጽ ይናገር፤ ላቦራቶሪው የሚሠራው ከሆነም ከቢ12ቱ ጋር የሜቲልማሎኒክ አሲድ፣ እርሱ ከሌለ የሆሞሲስቲን (ቢ12 ሲጎድል በደም ውስጥ የሚጨምር ሌላ ንጥረ ነገር) ምርመራ እንዲታዘዝለት ይጠይቅ።